ለሆድ ቦታ መስጠት

ጓደኛዬና እኔ አንድ ባጃጅ ውስጥ አብረን አንገባም። ተጣልተን አይደለም፤ ሾፌሮቹ ናቸው እምቢ የሚሉት። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያለ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሁለታችንን ጎን ለጎን ቆመን ካየ ወይ ፊቱን ያዞራል፣ ወይ ያልተደወለ ስልክ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። አንዱ ደፋር ግን አንድ ቀን ቆመልንና፣ "እናቴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሳቸው በሚቀጥለው ይምጡ። ዳገቷ ላይ የፊት ጎማዬ ይነሳብኛል" አለኝ።

"ጎማህም ይነሳ፣ አንተም አብረህ ተነስተህ ብረር!" አልኩት። ቁጣ ቶሎ ነው የሚመጣብኝ፤ በሙቀቱ ነው የማሳብበው። ጓደኛዬ ግን አስፋልቱ ዳር ቆማ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ተይው በአላህ፣ ልጁ ምን አጠፋ? እውነቱን እኮ ነው" አለችና በሚቀጥለው መጣች።

እኔ ዋናው መንገድ ዳር ጁስ ቤት አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም በሙቀት የተቀቀለ መንገደኛ ይወርድና ፓፓያና ማንጎ ይጠጣል። እሷ ከኔ ቀጥላ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም ናት፤ ውፍረታችንን ያየ ግን የአንድ እናት ልጆች ነን ብሎ ይምላል።

ድሮ ውፍረት ምስጋና ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስወፍር ሰው ሁሉ "እሰይ፣ ተመቻት!" እያለ ባለቤቴን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያመሰግነው ነበር። አሁን ዘመኑ ተገለበጠ። አንድ የደሴ መንገደኛ ብርጭቆውን እንደያዘ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ስኳር አለበት እንዴ?" አለኝ። "የለበትም፤ እኔ በልቼ ጨርሼዋለሁ" አልኩት። መካሪው ደግሞ አያልቅም። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጪ ይሉኛል፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሙቅ ውሃ! አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ ስከሳ ደግሞ እነዚያው መካሪዎች "ምነው? የደበቅሽን ነገር አለ እንዴ?" እያሉ ብርቱካን ይዘው መጡ። ብትወፍሪ ሐሜት፣ ብትከሺ ሐሜት። ኤዲያ!

የጓደኛዬ ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ሶላቷን የምትሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ፣ እሷ ወንበሯ ላይ እንዳለች አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፤ እኔ ክርስቲያኗ እንኳን አውቃለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ድንገት፣

"ግንባሬ መሬት ናፈቀው" አለችኝ።

"መሬቱስ አንቺን ሳይናፍቅ ቀርቶ ነው?" ብዬ ልስቅ ስል ፊቷን አየሁትና አፌን ያዝኩ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ሼኩ ይቻላል አላሉሽም?"

"ብለውኛል። አላህ ይስጣቸው፣ ደጋግመው ነው ያሉኝ። ወንበር ላይ ስሆን ግን አገር አቋርጬ የመጣሁ እንግዳ ሆኜ በር ላይ የቀረሁ ይመስለኛል። ግንባሬ መሬት ነክቶ ሱጁድ ላይ ሳለሁ ነበር የልቤን ለአላህ የምነግረው። ረመዳን ሳይገባ አንዴ ብወርድ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

እኔ ሰው ሲያለቅስ የምለው አጣለሁ። ፓፓያ ቆርጬ አመጣሁላት።

በዚያ ሰሞን ነው የጎረቤታችን ልጅ ከቤሩት የተመለሰችው። እዚያ የምትሠራበት ቤት እመቤቲቱን ዮጋ የሚያስተምር ሰው ይመጣ ነበር አሉ። እመቤቲቱ በአንድ እግር መቆም ስለሚያቅታት ይህቺ ልጅ ከወጥ ቤት እየተጠራች ትደግፋታለች። በዚያው ሁሉንም አይታ ተማረችውና መጣች። ሴቶችን በነፃ ላለማምድ ስትል ሸንበቆ የመሰለች ልጅ ጠብቀን ነበር። ስናያት ዳሌዋ የኛን ያህላል።

"ራሷን ያላከሳች እኛን ልታከሳ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ሰምታኛለች።

"እትዬ፣ እኔ ማንንም አላከሳም" አለችኝ ፈገግ ብላ። "ባለዎት ሰውነት መውረድና መነሳት ነው የማስተምርዎት።"

"መውረድ አልሽ?" አለች ጓደኛዬ። ከዚያ ወዲያ የተባለውን የሰማች አይመስለኝም።

ቦታ ጠፋ። በመጨረሻ የእድራችን ሊቀመንበር የእድሩን አዳራሽ ፈቀዱልን። እድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን፣ ትልልቅ ድስቶች፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የቆመ ቃሬዛ፣ ከግድግዳው ጋር የተጠቀለለ የሰሌን ክምር አለ። "በዚያ ሰዓት ሙቀት ነው፣ ማንም አይፈልገውም" አሉን ሊቀመንበሩ፤ "ሰው ከሞተ ግን ትወጣላችሁ።" ለመለማመጃ ለቀስተኛ የሚቀመጥበትን ሰሌን ዘረጋን።

ከመጀመራችን በፊት ግን ሁላችንም በየፊናችን ማስፈቀድ ነበረብን። የንስሐ አባቴ "ለማን ነው የምትሰግዱት?" አሉኝ። "ለጉልበታችን፣ አባቴ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ጉልበት ጥሩ ነው" አሉ። ሼኩ ደግሞ ጓደኛዬን "ወንድ አለ?" ብለው ብቻ ጠየቋት። የለም ስትላቸው "እንግዲያ በርቱ" ብለው መረቋት። የልብስ ነገር ቀረ። በኛ ልክ የተሠራ የስፖርት ሱሪ በገበያው ከየት ይምጣ? ጓደኛዬ አልሸጥ ካላት አንድ ጥቅል አበባማ ጨርቅ ለሁላችንም ሰፊ ሰፊ ሱሪ አሰፋችልን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቀይ አበባ ለብሰን አዳራሹ ውስጥ ስንቆም መጋረጃ የተሰቀለ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጠብ ነበር። ልጅቷ "እጃችሁን መሬት፣ ቂጣችሁን ወደ ላይ፤ ይሄ ውሻ ይባላል" አለችን።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሙስሊሞቹ ባንድ አፍ።

"ውሻስ አልሆንም" አልኩ እኔም፤ "በዚህ ዕድሜዬ!"

ልጅቷ ግራ ገብቷት ዙሪያውን ስታይ ጓደኛዬ መላ መታች። ግመል ከተንበረከከበት ሲነሳ መጀመሪያ የኋላውን ነው የሚያነሳው፤ በቆላችን ይህን ያላየ የለም። "ግመል ስትነሳ በይውና እንገላገል" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ግመል ሆንን። እኔ ደግሞ ዛፍ ሁኑ በተባልንበት ቀን በአንድ እግሬ ቆሜ የድንኳኑን ምሰሶ ብደገፍ፣ ምሰሶው ድስቶቹ ላይ፣ ድስቶቹ እግሬ ላይ። ለሳምንት ያነከስኩት በዮጋ ነው ብል ማን ያምነኛል?

የልጅቷ ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነበር። ወደ ፊት ጎንበስ ስንል ሁላችንም ሆዳችንን ወደ ውስጥ እየሳብን፣ ትንፋሻችንን ይዘን፣ ፊታችን ቲማቲም እየሆነ እንታገላለን። እየዞረች ታየናለች።

"ለምንድን ነው የምትሸሽጉት?" አለችን። "ከማን? ሆዳችሁ የትም አይሄድም። ጉልበታችሁን ፈታ አድርጉና መሀል ላይ ቦታ ስጡት።"

ወይ ጉድ! ጉልበቴን ከፈት አደረግኩ፤ ሆዴ መሀል ገባና አረፈ። ደረቴ ወረደ። ትንፋሼ ወጣ፣ ገባ። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ሆድ በቀሚስ ስጭነው፣ በመቀነት ሳስረው፣ ፎቶ ስንነሳ በልጆቼ ትከሻ ስሸሽገው ኖሬ፣ የፈለገው ትንሽ ቦታ ብቻ ነበር። በዚያች ቅጽበት አሳዘነኝ። ሆዴ እኮ ነው፤ አራት ልጅ የተሸከመ።

ጓደኛዬ ግን ማዘኛ ጊዜ አልነበራትም። እሷ የምትለካው ከግንባሯ እስከ መሬቱ ያለውን ነው። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት ደረጃ ሠራችላት። መጀመሪያ ግንባሯን አግዳሚ ወንበር ላይ አሳረፈች። ቆይቶ ወንበሩ ሄደና በርጩማ መጣ። በርጩማው ሄደና ትራስ በትራስ ላይ ተደራረበ። ከዚያ ትራሶቹ አንድ በአንድ ይነሱ ጀመር። አንድ ትራስ በተነሳ ቁጥር ለሁላችንም ጁስ ከኔ ነበር፤ ከስሬአለሁ ብዬ ግን አላማርርም።

እንግዲህ ነገር የመጣው ከመጨረሻው ልምምድ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ በጀርባ ተንጋሎ፣ እጅ እግርን ዘርግቶ፣ ዓይን ጨፍኖ መተኛት አለ። ልጅቷ "ይሄ ሬሳ ነው፤ እንዳትንቀሳቀሱ" ትለናለች። ከሁሉም የተዋጣልን እሱ ነበር። ችግሩ ዝንብ ነው። የማንጎ ወቅት ስለነበር ዝንቡ አፍንጫ ውስጥ ልግባ ይላል። በነጠላ ብንሸፈን ከስር እየሾለከ ይገባል። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ከሱቋ መላ አመጣች፤ ሙሉ ሰው የሚሸፍን ነጭ አቡጀዲ ለየራሳችን ቀድዳ አደለችን። አቡጀዲ ለምን ለምን እንደሚገዛ በአገሩ ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለከፈን የሚመጣውን ሁሉ ለክታ የምትሸጠው እሷ ናት። ግን ዕለቱን ሙሉ ጨርቅ ሲቀድ የሚውል ሰው ጨርቅን እንደ ጨርቅ ነው የሚያየው፤ እኛም አላሰብነውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ሰሌን ላይ፣ በእድሩ አዳራሽ፣ ከእድሩ ቃሬዛ አጠገብ፣ ከራስ እስከ እግራችን በአቡጀዲ ተሸፍነን ተርታችንን ሬሳ ሆነናል። ልጅቷም ከፊት ተኝታለች። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ፣ ጠንቃቃ አዛውንት ናቸው፣ ጡሩምባቸውን ሊያስቀምጡ በሩን ከፈቱ። ምን እንዳዩ እናንተ ገምቱት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸው ግን አፍሰውም አልለቀሙ። "ምን ሆናችሁ?" ብሎ መጠየቅ የአባት ነው። ተመልሰው ወጡና ጡሩምባውን ነፉት።

እኔ በእንቅልፍና በንቃት መሀል ነበርኩ። ጡሩምባውን ስሰማ "ውይ፣ ማን ሞተ ይሆን? ስነሳ ለቅሶ እደርሳለሁ" አልኩ በሆዴ። እንዳትንቀሳቀሱ ስለተባልን አልተንቀሳቀስኩም። እሳቸው ውጭ ይጮኻሉ፦ "ጁስ ቤቷ! ጨርቅ ቤቷ! ኧረ ስንቱን ልጥራው፣ አዳራሽ ሙሉ ነው!" በኋላ ከዚያ ሁሉ ሴት ሁለታችንን እንዴት እንደለዩን ስጠይቃቸው፣ መሬት መሬት እያዩ "ከአቡጀዲው ከፍታ" አሉኝ።

በኛ በኩል ባለፉት ዓመታት በጦርነቱ ያየነው አይጣል ነው፤ ጡሩምባ ሲሰማ ሰው ቆሞ አያጣራም፣ ይሮጣል። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ደርሷል። ሲደርሱ ግን ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ። "እንዳትነኳቸው! የጠጡት ነገር ይኖራል፤ ፖሊስ ይምጣ" ይላል አንዱ። ለቅሶው ይቀልጣል። አንዲት የማውቀው ድምፅ፣ "ወይኔ እህቴን! ክፉ ቃል የማይወጣት! ድምጿ የማይሰማ!" እያለች ደረቷን ትመታለች። ስለ እኔ መሆኑ ሲገባኝ ሴትየዋ ለቅሶ ተሳስታ የመጣች መሰለኝ።

እዚያ ላይ በተነሳሁ። ግን ሰው ነኛ! ትንሽ ልስማ አልኩ። ማን ነው የራሱን ለቅሶ የሚሰማ? አመስግኑኝ ብዬ ትንፋሼን ሰብሰብ አድርጌ ስጠብቅ የመጣው የሊቀመንበሩ ድምፅ ነው። እሳቸው ሰው ሲያለቅስ ሥራ የሚያስቡ ናቸው።

"ቃሬዛው አንድ ነው" አሉ። "ደግሞ ይቺን ይችላታል ወይ?"

"ኧረ አይችላትም ጋሼ" አለ አንዱ። "እንጨቱ የቆየ ነው። ከመሀል ይሰበራል።"

"ስምንት ሰው ቢይዛትስ?"

"ስምንት ሰው ለመቃብሩ ጉድጓድ እንኳን አይበቃም። አይሱዙ ይጠራ።"

ከሞቱ አሟሟቱ አሉ! ደሜ ፈላ። አቡጀዲውን ገፍፌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና "ማንን ነው የማይችለው?!" አልኩ።

የሆነውን ሁሉ አላየሁትም፤ አቧራ ነበር። ጡሩምባው ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ድስቶቹ እንደገና ወርደዋል። አይሱዙ ይጠራ ያለው ሰውዬ በመስኮት ወጥቷል፤ መስኮቱ ጠባብ ነው፣ እንዴት እንዳለፈ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሊቀመንበሩ ከአግዳሚ ወንበሩ ጀርባ ሆነው በስመ አብ ይላሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ከጎኔ የተኛችው ጓደኛዬ፣ የምር እንቅልፍ ወስዷት ኖሮ፣ አቡጀዲውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ያን ሁሉ የሚያለቅስ ሕዝብ አየችና ደነገጠች።

"ኢናሊላሂ! ማን ሞተ?" አለችኝ።

"አንቺ" አልኳት።

ያለቀሱልን ሴቶች እያቀፉ ሳሙን፤ እየሳሙ ደግሞ በጥፊ መቱን። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ያለችኝ ሴትዮ ያወጣችውን እንባ አስመልሺ አለችኝ። ሁሉም ሲረጋጋ ሊቀመንበሩ አዳራሹን ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

"ከዛሬ ጀምሮ ያልሞተ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይተኛም" አሉ።

ሆድ ካገር ይሰፋል ብዬ ዝም ልል ነበር፤ የኔ ደግሞ ስፋቱ በሰው ፊት የተመሰከረ ነው። አልቻልኩም። "ጋሼ፣ ይቆልፉት፣ መብትዎ ነው። ግን ቃሬዛውን ያስጠግኑ። አንድ ቀን መምጣቴ አይቀርም፤ የምመጣውም እንዲሁ ሆኜ ነው" አልኳቸው። ሴቶቹ እልል አሉ። 

ከተማው ለሳምንታት ሳቀብን። መንገደኛው ሁሉ "ከሞት የተነሳችው የምትሠራው ጁስ የቱ ጋ ነው?" እያለ ይመጣል፤ ገበያዬ ደራ። ጓደኛዬ ግን መሳቅ ተወች። አዳራሹ ሲቆለፍባት የቀራት አንድ ትራስ ብቻ ነበር። ረመዳን ደግሞ እየመጣ ነው። ሱቋ ውስጥ ከጥቅሎቹ ኋላ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋትና በሊቀመንበሩም፣ በጡሩምባውም፣ አቡጀዲን በፈጠረውም ሰው ተናደድኩ። "ተነሺ!" አልኳት። "ከጁስ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ የማን ነው? ማንጎው ስር እንቀጥላለን።" ጡሩምባ ነፊው ሰምተው፣ የአዳራሹን ቁልፍ ለምነው፣ የእድሩን ሰሌኖች በአህያ ጭነው አመጡልን። "ሰው እስኪሞት ተጠቀሙበት" አሉ። ይቅርታ መጠየቃቸው ነው።

ማንጎው ስር ግን የመጨረሻው ትራስ አልነሳ አለ። ልጅቷ ልትስበው እጇን ስትዘረጋ ጓደኛዬ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥና "ተይው፣ ተይው" ትላለች። እንዲህ ሲሆን፣ ሲሆን፣ አንድ ቀን ልጅቷ አጠገቧ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ ትራሱ ላይም ቢሆን ወርደዋል እኮ። ሰውነትዎ እዚህ ድረስ ነው ካለ ይመኑት። እንዳለ ይውደዱት።"

ጓደኛዬ ክፉ አትናገርም። ያን ቀን ግን ድምጿ ከረረ።

"እኔ እኮ እወደዋለሁ፣ የኔ ልጅ። ይሄ ሰውነት ወልዶልኛል፣ ነግዶልኛል፣ ሰው ሲሸሽ ተሸክሞኝ ሸሽቷል። ስለምወደው ነው ይዤው መሬት ልወርድ የምፈልገው። አንድም ቀን ክሺ አላልኩትም።"

  ስለ ውፍረት ስንት ነገር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጨረቃ ታየች ተባለና ረመዳን ገባ። ትራሱ እንዳለ ነው። የመጀመሪያው የጾም ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስር አዛን ካለ ጥቂት ቆይቶ፣ ፓፓያ እየላጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"ቤት ነኝ፤ ነይ" አለችኝ። ድምጿ ታፍኗል። "አትሩጪ፣ ግን ነይ። ለልጆቼ እንዳትነግሪ።"

ሮጥኩ። እኔ! ሰው ከሱቁ እየወጣ አየኝ፤ አንዱማ አውቶቡስ ያመለጠኝ መስሎት "ቁም!" እያለ ባዶ አስፋልት ላይ ጮኸልኝ። በሯን ገፍቼ ስገባ ጓደኛዬ መስገጃዋ ላይ በጎኗ ወድቃለች፤ ሒጃቧ ዓይኗ ላይ መጥቷል፣ አንድ እግሯ አልጋው ስር ገብቷል። 

"ምን ሆንሽ? ተሰበርሽ?"

"ነካ!" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ግንባሬ ነዋ! ያለ ትራስ! ለሆዴ ቦታ ሰጠሁ፣ ግንባሬ ወረደ፣ ነካ።" ፊቷ በእንባ ታጥቧል፤ ከእንባው በላይ ግን ግንባሯ ላይ የመስገጃው ክር ምልክት ታትሞ ይታያል። "ከዚያ መነሳት አቃተኝ። በጎኔ ስዞር እዚህ ደረስኩ። ስልኩ ኪሴ ባይኖር እስከ ማፍጠሪያ እዚሁ ነበርኩ።"

ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። "እብድ ነሽ! በጾም፣ ብቻሽን!" እያልኩ በብብቷ ገብቼ ላነሳት ብስብ፣ እሷ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ፣ መጨረሻው ሁለታችንም ወደ ታች። ቁም ሳጥኑ ተንቀጠቀጠ። ጎን ለጎን ወድቀን ጣሪያ ጣሪያ እያየን ሳቅን፤ ሳቁ ሲያልቅ እየተያየን እንደገና ሳቅን። "ተይ፣ ሆዴ ባዶ ነው፣ አታድክሚኝ" ትለኛለች። ከዚያ በተማርነው መንገድ ሄድን። በጎናችን ዞርን፣ በአራት እግራችን ሆንን፣ እጃችንን መሬት ላይ ተክለን የኋላችንን አነሳን፣ አልጋውን ይዘን ቆምን። ማንም ባይረዳን ሁለት ግመል ተነሳን።

ሒጃቧን አስተካክዬላት፣ አቧራዋን አራግፌላት፣ ወንበሯን ስቤ "በይ አሁን ቁጭ ብለሽ የቀረሽን ጨርሺ" አልኳት።

"ምኑን ነው የምጨርሰው? ይህን ሁሉ አውርቼ፣ ስቄ፣ ስልክ ደውዬ! ሶላቴ ፈርሷል። ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው።"

"ወንበሩ ላይ ነዋ?"

 ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

"አንቺ ሴትዮ! ስንት ጊዜ ነው የምትወርጂው?"

"በአንዱ ረከዓ፣ በየዙሩ፣ ሁለት ጊዜ ነው። የአስር ሶላት ደግሞ አራት ረከዓ ነው።"

"በየመሀሉ ማን ሊያነሳሽ?"

"አላህ ያውቃል" አለችኝ መስገጃዋን እያቃናች። "አንቺ እዚያ ጥግ ቁጭ በይ። እንዳታስቂኝ ብቻ።"

ጥግ ሄጄ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለማንም ልመና አፌን ዘጋሁ። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እጆቿን አነሳች፣ ያን ሁሉ ሰውነቷን ይዛ "አላሁ አክበር" አለች።